ጀምበር በ9 ሰዓት ስትጠልቅ

ስቶክሆልም የገባሁት በሰኔ ነው። ሌሊቱ ስለማይጨልም መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋርጄ ነበር የምተኛው። «ቆይ፣ ህዳር ይምጣ» ሲሉኝ ብርዱን የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ሰዓት ልንገራችሁ፤ እንዲያ ሲሆን ነው የሚገባው። በታህሳስ አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ያውም ደመና ከሌለ! አገር ቤት ደግሞ ይሄ ወር ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ እህል የሚታጨድበት ነው።

መጀመሪያ ስንፍና ይመስላል። እንቅልፍ አይጠገብም። ዳቦና ጣፋጭ ያምራል፤ ስልክ ማንሳት ያስጠላል። እኔ ናፍቆት ነው ብዬ ነበር። ናፍቆትም አለበት። ግን በየዓመቱ በጥቅምት እየመጣ በመጋቢት የሚለቅ ከሆነ የወቅት ድብርት ሊሆን ይችላል። የጠዋት ብርሃን የሰውነታችንን ሰዓት ይሞላል፤ እሱ ሲጠፋ እንቅልፉም ስሜቱም ይዛባል። ሐኪሞች ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም ሰጥተው የሚያክሙት ነገር ነው። የእምነት ማነስ አይደለም።

አሁን ወደ መጠጡ። ከሥራ 10 ሰዓት ላይ ስትወጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። «ለብርዱ» ተብሎ አንድ ይቀዳል። የእኔ አርብ አርብ ብቻ ነበር፤ ቀስ እያለ ማክሰኞም ገባ። መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥቱ ሱቅ ሲስተምቦላጌት ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይዘጋል፣ እሁድ ጭራሽ አይከፍትም። አንድ አርብ የእሁድን ጭምር አስቤ ስገዛ ራሴን ያዝኩት። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጠዋት ሳትነሱ ትቀራላችሁ። ያቺ ትንሽ ብርሃን ታመልጣለች። ማታ ድብርቱ ብሶ ይመጣል፣ እንደገና ይቀዳል።

ጫትም ያው ነው፤ ከምርቃናው ኋላ ዱካክ፣ ለዱካኩ ጨብሲ። በዚያ ላይ ስዊድን ውስጥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። መያዙ ብቻ ሳይሆን መቃሙም ያስከስሳል። የአገር ቤቱን ልማድ እዚያው ተዉት።

እኔን የጠቀመኝ የምሳ ሰዓት ነው። ዝናብም ቢሆን ወጥቼ ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ፤ ደመናማ ሰማይ እንኳ ከቤት መብራት ይበልጣል። ለዚሁ የተሠራ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) መብራትም አለ፤ ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል አጠገቡ ይቀመጡበታል። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ሁለት ሳምንት ካለፈና ካልለቀቃችሁ የጤና ምክር መስመሩ 1177 ደውሉ፣ ወይም ሰፈራችሁ ያለው ቮርድሴንትራል (ጤና ጣቢያ) ሂዱ። ስለ መጠጡም ሳትደብቁ ንገሯቸው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ማቆም የለበትም፤ እስከ መንቀጥቀጥና ራስን ስቶ መውደቅ ሊያደርስ ይችላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ የድንገተኛ ጥሪው 112 ነው፣ ዛሬውኑ።

ቶልክ ጠይቁ፤ አስተርጓሚው በአብዛኛው በነፃ ነው። ማኅበራችን ትንሽ ስለሆነች የምታውቁት ሰው ሊደርሳችሁ ይችላል። «ሌላ ሰው፣ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ» በሏቸው። እኔ ብያለሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም።