99 ከመቶ ያመጣው ሞዴል እና ሌሎች ስህተቶቻችን

በቀደም አንድ የማስተርስ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ላፕቶፑን ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። "99.2" ይላል። የወባ ጥገኛ ያለበትን የደም ሴል ከሌለበት የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከምስሎች የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቷል። ፊቱ በርቷል። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲህ አድርጎኝ ስለነበር ደስታውን ወዲያው ልነጥቀው አልፈለግሁም። ቡና አዘዝኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

"ምስሎቹ ከስንት ሰው የተወሰዱ ናቸው?"

"ከ27 ሺህ በላይ ናቸው።"

"ምስሎቹን አይደለም፤ ሰዎቹን ነው ያልኩህ።"

ዝም አለ።

ጎንደር ተቀምጣችሁ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተርን ከምሳሌ በማስተማር) እና በምስል ትንተና ተመራማሪ ለመሆን ለምታስቡ፣ ተማሪዎቼ ሲሠሩ ያየኋቸውንና ራሴም የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ከዚሁ ልጀምር።

ምስል ቆጥሮ ሰው መርሳት

ልጁ የተጠቀመበትን ዳታ ብዙ ተማሪ ያወርደዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ያወጣው ነው። 27,558 የሴል ምስሎች አሉት፤ ግማሹ ጥገኛው ያለበት፣ ግማሹ የሌለበት። ምስሎቹ የተነሱት ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ሲሆን ያነሳቸውም ማይክሮስኮፕ ላይ የተገጠመ ስማርት ፎን ነው። ሰዎቹ ግን 200 ብቻ ናቸው፤ 150 ታማሚ፣ 50 ጤነኛ። ከአንድ ሰው በአማካይ ወደ 138 ሴል ተቆርጧል ማለት ነው።

የእያንዳንዱ ሰው ስላይድ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ቀለሙ አንዱ ላይ ጠቆር፣ ሌላው ላይ ፈዘዝ ይላል። ደሙ ወፍሮ ወይ ሳስቶ ይቀባል። ምስሎቹን እንዲሁ በጥብጣችሁ ለሁለት ብትከፍሏቸው የአንዱ ሰውዬ ሴሎች ማሠልጠኛውም፣ መፈተኛውም ውስጥ ይገባሉ። ሞዴሉ ወባውን ሳይሆን ሰውዬውን ሊያውቀው ይችላል። ፈተናው ከቤት ሥራው ላይ እንደ ወጣለት ተማሪ ነው፤ መቶ ከመቶ ቢያመጣ ምን ይገርማል?

የሚከፈለው በሰው ነው። አንድ ታማሚ ወይ እዚህ ነው፣ ወይ እዚያ። ልጁ በዚህ መንገድ ደገመውና ቁጥሩ ወረደ። ለአንድ ሳምንት ስልኬን አላነሳም።

በሰው መክፈልም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የሳንባ ምችን ከደረት ራጅ እንዲለይ የሠለጠነ ሞዴል ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ችሎ ተገኝቷል። አንዱ ሆስፒታል ብዙ የሳንባ ምች ታማሚ ካለውና ሌላው ጥቂት ካለው፣ ሆስፒታሉን ማወቅ ብቻውን ነጥብ ያስገኛል። ሳንባውን ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ 99 ስታዩ እልል አትበሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማይክሮስኮፕ ሳያዩ ሞዴል መሥራት

ይሄ የእኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዓይኔን ከስክሪን ሳልነቅል ነው ያሳለፍኩት።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከዚያ ነው። ካላ አዛር (የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ የጥገኛ በሽታ) ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ወጣት ይዞት ይመጣል። እኛ ግን ባጃጅ ይዘን ላቦራቶሪ ከመሄድ የቺታጎንግን ደም ማውረድ ይቀለናል።

አንድ ቀን እንደምንም ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በማይክሮስኮፕ ያሳለፉ አንድ ባለሙያ ነበሩ። ከጣፊያ የተወሰደ ናሙና ጂምሳ በሚባል ቀለም ተቀብቶ ደርቋል። ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉበትና መቶ እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ አወረዱ።

"ምን ይታይሃል?"

ሐምራዊ ነጥቦች አየሁና "ይኸው፣ ሞልቷል" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ እሱ የቀለም ዝቃጭ ነው።"

ስላይዱን በጣታቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት። "አሁን እያት። ውስጧ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ክብ፣ አንዱ አጠር ያለች በትር የምትመስል። ሁለቱን ካላየህ አትቁጠር።" ክቡ ኒውክለሱ ነው፤ በትሯ ኪኔቶፕላስት ትባላለች። ጥገኛዋ በሙሉ ከሁለት እስከ አራት ማይክሮሜትር ብትሆን ነው። እኔ ምስሉን ለማቅለል መጠኑን ወደ 64 በ64 ፒክስል ስቀንሰው በትሯን አብሬ ደምስሻት ኖሯል።

ቀጥለው ስለ ደረጃው ነገሩኝ። የጥገኛው ብዛት ከዜሮ እስከ +6 ይሰጠዋል። +6 ማለት በአንድ ፊልድ (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ በሚታየው ቦታ) ከ100 በላይ ነው፤ ይሄን ማንም ያየዋል። +1 ግን በ1,000 ፊልድ ውስጥ ከአንድ እስከ አሥር ነው። "ማሽንህ ሺውንም ፊልድ ታያለች?" አሉኝ። የእኔ ማሽን የምታየው አንድ በአንድ ተቆርጦ መሃል ላይ የተቀመጠላትን ሴል ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ፈላጊ ነው። ጥያቄውን ራሱን ተሳስቼ ነበር የጠየቅሁት።

ሌብል ማድረግን የተላላኪ ሥራ ማድረግ

ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ምስሉ ላይ ምልክት የሚያደርገው ባለሙያ ለውሎ አበል የተጠራ ሰው ይመስለናል። አንድ ሰው ብቻ ምልክት ያደርግና የእሱ ስህተት እውነት ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ ሳይተያዩ ይሥሩት። ያልተስማሙባቸውን ስላይዶች ለብቻ አውጥታችሁ ቡና ላይ አቅርቡላቸው። እኔ ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ የተማርኩት ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ነጥብ ሲከራከሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ፔፐሩ ሲወጣም ስማቸው ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ። ምስጋና ላይ መወርወር ነውር ነው።

ፈቃድን ወደ መጨረሻ መግፋት

መጀመሪያ ዳታውን ልሰብስብ፣ ፈቃዱ ይደርሳል ብዬ ሦስት ወር ምስል አነሳሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ ያላየውን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈቅድም። ልክም ናቸው። ሁሉንም ጣልኩት። ከተጣሉት ግማሾቹ ጠርዝ ላይ የታማሚው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ ይታይ ነበር፤ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ማመልከቻውን የመጀመሪያው ወር ላይ አስገቡ። ሲጠበቅ የሚባክን ጊዜ የለም፤ ያኔ ነው ላቦራቶሪ ሄዶ መቀመጥ።

ጂ.ፒ.ዩ እስኪመጣ መጠበቅ

"እዚህ አገር ምን ኖሮ ምን ይሠራል?" የሚለውን ስንቴ ሰማሁት። ጂ.ፒ.ዩ የሚሉት ሞዴል በፍጥነት የሚያሠለጥነውን የኮምፒውተር ካርድ ነው። ምስልን ከፋፍሎ በመለየት ሥራ ስሙ የገነነው ዩ-ኔት የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ፣ የነርቭ ሴሎችን ምስል በመከፋፈል ውድድር ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ያመጣው በ30 ማሠልጠኛ ምስሎች ነው። ምስሎቹን እያጣመሙና እያዞሩ አበዟቸው። የተጠቀሙበት ካርድ 6 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ነበረው፤ የፈጀባቸው ወደ 10 ሰዓት ነው። ዛሬ ኮላብ ላይ (ጉግል በኢንተርኔት በሚያውሰው ኮምፒውተር) በነፃ የሚገኘው ከዚያ አያንስም።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፤ እሱን አልክድም። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፦ ሥልጠናው በየጥቂት ደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥ አድርጉት። አንድ ጓደኛዬ በ19ኛው ሰዓት መብራት ሄደበት፤ ምንም አላስቀመጠም ነበር። ወጥቶ ፒያሳን ሁለት ዙር ዞሮ ተመለሰ።

አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ

በአጭሩ፦ ከ1,000 ስላይድ 50ው ብቻ ጥገኛ ካለበት፣ ሁሉንም "የለበትም" የሚል ሞዴል 95 ከመቶ ያመጣል። አንድም ታማሚ ግን አያገኝም። ስንቱን ታማሚ እንዳገኘ፣ ስንቱን ጤነኛ እንዳስደነገጠ ለየብቻ ጻፉ።

"በሳምንት እናትማለን" ለሚል ጆርናል መክፈል

ኢሜይሉ ሲመጣ ያማልላል። "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ይላል፤ ገና ማስተርስ ያልጨረሰውን ልጅ። ለደረጃ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ ስለሚያስፈልግ ከደመወዙ ቆጥቦ የሚከፍል አለ። ያ ጽሑፍ ነገ ለፒ.ኤች.ዲ ስታመለክቱ ሲቪያችሁ ላይ እንደ ወጥ እድፍ ይታያል።

ደህናው መድረክ ደግሞ እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም። የሕክምና ምስል ትንተና ትልቁ ጉባኤ ሚካይ እ.ኤ.አ. በ2024 ማራኬሽ ላይ ተካሂዷል፤ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። የማሽን ለርኒንግ ጉባኤው አይ.ሲ.ኤል.አር እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ ሊሆን ታስቦ ኮቪድ መጣና በኦንላይን ሆነ፤ በ2023 ኪጋሊ ገባ። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የተባለው ስብሰባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአፍሪካ ተማሪዎችን እያሰባሰበ ነው። ለዋናው ጉባኤ ያልደረሰ ሥራ በጎን ያሉት ወርክሾፖች ላይ ይቀርባል። እዚያ የሚሰጣችሁ አስተያየት ያማል፤ ግን በነፃ ነው።

ለስልሳ ፕሮፌሰሮች አንድ ኢሜይል መላክ

"እኔ ታታሪና ለመማር ጉጉ ነኝ" የሚለውን ኢሜይል ማንም አይመልስም። ታታሪ አይደለሁም ብሎ የሚጽፍ የለማ። ፕሮፌሰሩ የሠራውን አንድ ፔፐር አንብቡ፤ ኮዱ ካለ አስኪዱት፤ የተሰበረበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ አምስት መስመር ይበቃል።

ያ ባለ 99.2 ልጅ ካኮረፈበት ተመልሶ ለአንድ ፕሮፌሰር ኢሜይል ሲጽፍ አየሁት። የወረደውን ቁጥር አስቀድሞ ጻፈ። የትኞቹ ታማሚዎች ላይ እንደወደቀ ቀጠለ። የጎንደር ስላይዶችን በፈቃድ ማንሳት እንደጀመረ ጨመረና ላከው። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣለት። ፕሮፌሰሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስላይዶቹ ከስንት ሰው እንደተወሰዱ።

"31" ብሎ መለሰ። ዛሬ ጠዋት 32ኛውን ሊያነሳ ላቦራቶሪ ሄዷል።