ብልት አልቆም ሲል ሕክምናው ከየት ይጀመራል?

አንድ ሌሊት አልቆም ማለት በሽታ አይደለም። ድካም፣ ንዴት፣ ሠርግ ቤት የተጠጣ አረቄ፣ ሁሉም ያመጣዋል። ነገሩ እየተደጋገመ ሦስት ወር ካለፈው ግን ስንፈተ ወሲብ ነው። ይታከማል።

እኛ ጎንደር ውስጥ ወንድ ልጅ ይህን ለማንም አይናገርም። ለጓደኛው ቀርቶ ለሐኪሙም አይነግርም። ሲመሽ ፒያሳ ወርዶ ከፋርማሲ በሹክሹክታ ክኒን ይገዛና ዝም ይላል። ወንድሜ፣ እባክህ ከክኒኑ አትጀምር። መጀመሪያ ስኳርህንና ግፊትህን ታይ።

ለምን መሰለህ? ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ደሙን የሚያደርሱት ቧንቧዎች ደግሞ ከልብ ቧንቧዎች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የደም ቧንቧን ማበላሸት ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ልብ ላይ ምንም ምልክት ሳይታይ ዓመታት ቀደም ብሎ። ክኒን ውጦ ዝም ያለ ሰው ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ለመጀመር ሰፈርህ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልኩሃል። ካርድ ስታወጣ ሰው ፊት ማፈር የለብህም፣ «ስኳርና ግፊት ልታይ ነው» በል፤ እውነትም ነው። ሐኪሙ ጋ ገብተህ በሩ ሲዘጋ «ዶክተር፣ ብልቴ እንደ ድሮው አይቆምም» በለው። ሌላ መግቢያ አያስፈልገውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጫት ይጠይቅሃል፣ አትደብቀው። ጠዋት ስትነቃ ይቆም እንደሆነም ይጠይቅሃል። የሚቆም ከሆነ ቧንቧውና ነርቩ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም ከሚስት ጋር ያለ ቅሬታ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ወደ ምክር ያዘነብላል። ፍላጎቱ ራሱ ከጠፋ የቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) ምርመራ ይታዘዛል፣ ደሙ የሚሰጠው ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ነው። ለስኳር ምርመራ ደግሞ በባዶ ሆድ ሂድ።

የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይዘህ ሂድ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እንዲሁም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ችግሩን ሊያመጡት ይችላሉ። በራስህ ግን አታቋርጥ፣ ሐኪሙ ይቀይርልህ። ጸበል የምትሄድም ከሆነ ሂድ፣ ማን ይከለክልሃል? የስኳር መድኃኒትህን አቁመህ ግን አትሂድ።

አሁን ወደ ክኒኑ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሲልደናፊል ነው፣ ቪያግራ እያልን የምንጠራው። አብዛኛው ሰው በ50 ሚሊ ግራም ይጀምራል። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ቅባት የበዛበት ጥብስ ወይም ዶሮ ወጥ ጠግበህ ከዋጥከው ዘግይቶ ይሠራል፣ ብዙ ሰው «ይሄ መድኃኒት አልሠራም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ክኒኑን ውጦ ተኝቶ መጠበቅ ነው። ክኒኑ ብቻውን አያስነሳም፣ መነቃቃት ይፈልጋል፣ መተሻሸት ይፈልጋል። ታዳላፊል የሚባለው እስከ 36 ሰዓት ስለሚቆይ ሰዓት መቁጠር ለሚያስጨንቀው ሰው ይሻላል። ራስ ምታት፣ የፊት መሞቅና የአፍንጫ መታፈን ሊኖር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል።

ይህን ግን ደጋግመህ አንብበው። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው እነዚህን ክኒኖች በፍጹም መውሰድ የለበትም፣ የደም ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ክኒኑን ውጠህ ደረትህን ካመመህ ለሐኪሙ መቼ እንደወሰድክ ሳታፍር ንገረው። የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) መድኃኒት የምትወስድም ከሆነ አስቀድመህ ተናገር። ብልትህ ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ አልወርድ ካለ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። በኪስ ይዘው የሚያዞሩትን ስም የለሽ ክኒን አትንካ፣ «የወንድ ማር» እየተባለ የሚሸጠውንም፤ ውጭ አገር ተመርምረው ሲልደናፊል ተደብቆባቸው የተገኙ እንዲህ ያሉ ምርቶች አሉ። የልብ ሕመምተኛ ማር የበላ መስሎት ነው የሚወስደው።

ከክኒኑ ጎን ለጎን ሲጋራውን ተው፣ መጠጡን ቀንስ፣ ተራመድ። በሳምንት አራት ቀን ላብ እስኪያጠምቅህ 40 ደቂቃ ብትሄድ ለውጡን በወራት ውስጥ ታየዋለህ፤ ወደ ጎሃ የሚወጣው ዳገት ለዚህ አንደኛ ነው፣ ልብህ ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ። ለባለቤትህም ንገራት። ዝም ስትላት ሌላ ሴት የያዝክ ይመስላታል፣ ወይ «አስጠላሁት» ብላ ታዝናለች።

ክኒኑን በትክክል ስድስት ሰባት ጊዜ ሞክረህ ካልሆነ ተመልሰህ ለሐኪሙ ንገረው። መጠኑን ይጨምርልሃል ወይም ይቀይርልሃል። ከዚያ በኋላም ደም ወደ ብልት የሚስብ ፓምፕ አለ፣ ብልት ላይ የሚወጋ አልፕሮስታዲል የሚባል መርፌ አለ። የመጨረሻው በቀዶ ሕክምና ብልት ውስጥ የሚቀበር ዘንግ ነው። እነዚህ ሁሉም ቦታ አይገኙም፣ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ጋ እንዲልክህ ጠይቅ። ቀዶ ሕክምናው አንዴ ከተሠራ ወደ ተፈጥሮው መቆም መመለስ ስለማይቻል ከመወሰንህ በፊት ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ሐኪሙን አነጋግሩት።