ስትዘፍኑ እግራችሁ ፔዳል እንዳይረግጥ

ኮምቦልቻ አንድ ሰርግ ላይ ጊታር እየመታሁ አምባሰል እየዘፈንኩ ነበር። እግሬ ሥር ፔዳሎቼ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ተደርድረዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ማይኩ ጠጋ አልኩ። ጊታሬ ጭጭ አለ። ክሩን እመታለሁ፣ ምንም የለም። ኬብሉ የተነቀለ መስሎኝ ጃኩን ነካካሁ፣ ዞሬ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) አየሁ፣ ኪቦርዱ ብቻውን ይዞኝ እስኪሄድ ድረስ ሁለት ስንኝ ያለ ጊታር አለፈ። ለካስ የጫማዬ ጫፍ ቲዩነሩን፣ ጊታር የምቃኝበትን ፔዳል፣ ረግጦታል። ቲዩነር ሲበራ ድምፅ ይዘጋል። በዝምታ ለመቃኘት ስለሆነ የተሠራው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጊታር ብቻ ስንጫወት ለምን እንዲህ አይሆንም? ምክንያቱም ያኔ ወደ ታች እናያለን፣ የፈለግንበት ቦታ እንቆማለን። ስንዘፍን ግን እግር አፍን ይከተላል። አፍ ማይኩ ጋ መድረስ አለበት፣ እግርም አብሮ ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ ፔዳሉ ተደርድሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታስተካክሉት ፔዳሉን ሳይሆን ማይኩን ነው።

እንዲህ አድርጉ። ወለሉ ላይ ምንም ሳይኖር ማይኩን አቁሙ። ጊታሩን አንግቱ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ዘፈን ከልባችሁ ዝፈኑ። ስትጨርሱ ሳትንቀሳቀሱ ጓደኛችሁ ጫማችሁን ዙሪያውን በጠመኔ ያስምርላችሁ። እውነተኛው መቆሚያችሁ ያ ነው። ፔዳሎቹ የሚደረደሩበት ሰሌዳ፣ ፔዳል ቦርዱ፣ ከዚያ ምልክት ፊት፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ። ክንድ ያለው የማይክ ስታንድ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ እግሮቹ ከቦርዱ ማዶ ይሆኑና ክንዱ ብቻ በላይ አልፎ ወደ እናንተ ይመጣል። እንዳይወድቅ ከሦስቱ እግሮች አንዱን በክንዱ አቅጣጫ አዙሩት። ያለው ቀጥ ያለው ስታንድ ብቻ ከሆነ ግን ቦርዱን ፊት ለፊት አታስቀምጡት፣ በምትረግጡበት እግር በኩል ወደ ጎን አውጡት።

አሁን አንድ የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። አሮጌ ምንጣፍ ፈልጉ፣ እናንተም ቦርዱም ስታንዱም የምትቆሙበት የሚበቃ። የሦስቱንም ቦታ ምንጣፉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። የትም ሂዱ፣ ደሴም ይሁን ወልዲያ ወይም ሐይቅ፣ ምንጣፉን ስትዘረጉ መድረካችሁን ይዛችሁ መጣችሁ ማለት ነው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቄጤማ ይጎዘጎዛል። እርጥብ ቄጤማ ላይ የተቀመጠ ቦርድ በረገጣችሁት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርሱ ዲሌዩ (ድምፅን እያስተጋባ የሚደግመው ፔዳል) ዲስቶርሽኑ (ድምፅን የሚያሻክረው) የነበረበት ቦታ ላይ ይገኛል። ከመዘርጋታችሁ በፊት ቄጤማውን ጥረጉት፣ ከምንጣፉ ሥር ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አድርጉ።

ቀጥሎ አደራደር። ፔዳሎቹን ድምፁ በሚያልፍባቸው ቅደም ተከተል ብቻ አታስቡ፣ በስህተት ቢረገጥ ምን ይበላሻል ብላችሁም አስቡ። ሪቨርብ (ድምፁን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስለው) በስህተት ቢበራ ብዙ ሰው አያውቅም። ቲዩነር ግን ያጠፋችኋል። ሉፐር ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዴ ሲነካ መቅዳት ይጀምራል፣ እንደገና ሲነካ የቀዳውን ይደጋግመዋል፣ እናንተ ወደ ሌላ ኮርድ ስትሄዱ እሱ የድሮውን እየጮኸ ይቀራል። ስለዚህ ቲዩነርና ሉፐር ከእግር ርቀው ወደ ኋላኛው ረድፍ ጥግ ይሂዱ፣ ኬብል ማስረዘም ቢጠይቅም ዋጋ አለው። ሉፐር የማትጠቀሙ ከሆነ ጭራሽ ቤት ተዉት። ለሶሎ የምትረግጡት ፔዳል በፊተኛው ረድፍ ዳር ላይ ይሁን። ከጎኑ ቢነካ የማይጎዳ ነገር አድርጉ፣ በመሃላቸውም አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉ።

ስዊች፣ ማለትም ፔዳሉ ላይ የሚረገጠው ቁልፍ፣ ላይ የሚገጠም ሰፊ ኮፍያ አለ። ጥሩ ነው፣ እግር ሳያይ ያገኘዋል። ግን ከፍታውንም ስለሚጨምር በስህተትም ቶሎ ይነካል። ልትረግጡት በምትፈልጉት ላይ ብቻ ግጠሙ። በዚያ ምሽት ለማትነኩት ስዊች ደግሞ ከውሃ ቧንቧ ላይ ትንሽ ቀለበት ቁረጡና ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉ። ቀለበቱ ከስዊቹ በግማሽ ጣት ከፍ ይበል። ጫማ ቢያርፍበት ቧንቧው ይሸከመዋል፣ በእጅ ጣት ግን ገብታችሁ መጫን ትችላላችሁ። እኔ ቲዩነሬ ላይ ያደረግኩት ይህን ነው።

ብዙ ኢፌክት በአንድ ላይ ያለበትን ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ። ብዙዎቹ አንዱን ስዊች ይዛችሁ ስትቆዩ፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱን አንድ ላይ ስትጫኑ፣ ቲዩነር ይከፍታሉ ወይም ባንክ (አንድ ላይ የተቀመጡ ድምፆችን ስብስብ) ይቀይራሉ። ሰፊ ጫማ ሁለቱን በአንዴ ይረግጣል። መዝጋት የሚቻል ከሆነ ዝጉት፣ ለትርፉ ስዊችም ሥራ አትስጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማሽኑ የነበረበት ድምፅ ላይ ላይመለስ ይችላልና ከመቀጠላችሁ በፊት አንዴ እዩት።

ጫማ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ካደረጋችሁ ምን እንደረገጣችሁ አይሰማችሁም። ስስ ሶል፣ ጠባብ ጫፍ ይሻላል። በልምምድም ያንኑ ጫማ አድርጉ።

ምት የምትቆጥሩበትን እግርም አስተውሉ። ብዙዎቻችን በቀኝ እንረግጣለን፣ በቀኝም እንቆጥራለን። ጭክችካ ሲሞቅ ያ እግር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቁጥሩን ወደ ግራ አዛውሩት፣ ካልሆነላችሁ ጣቶቻችሁን መሬት ላይ አሳርፋችሁ በተረከዝ ቁጠሩ። ተረከዝ ወደ ኋላ ስለሆነ ፔዳል አይደርስም። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ እኔን ወር ገደማ ፈጅቶብኛል።

የመርገጫ ጊዜም ምረጡ። የባቲ ረጅም ድምፅ ይዛችሁ እግር አታንሱ፣ ሰውነት ይዛነፋል፣ ድምፅም ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽ በምትወስዱበት ቦታ፣ ስንኝ ሲያልቅ ርገጡ፣ ወዲያው እግራችሁን ወደ ምልክቱ መልሱ። ይህን ቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ፣ እየዘፈናችሁ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ሞክሩት። ሳትዘፍኑ መለማመድ አይጠቅምም።

ደግሞ ሸላሚ አለ። ግንባራችሁ ላይ ብር ሊለጥፍ በደስታ እየጨፈረ የሚመጣ ሰው ወለል አያይም፣ ማየትም አይጠበቅበትም። ሲመጣ ስታዩ ቦርዱን አልፋችሁ እናንተ ወደ እሱ ውጡ። ዘፈን መሃል ሆናችሁ መውጣት ካልቻላችሁ ቦርዱን እግራችሁ ሸፍኖት ቁሙ። ቀድማችሁም ሚዜዎቹን በየት በኩል ሰው እንደሚያሳልፉ አስረዷቸው፣ ይሰማሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖም አንድ ቀን ይነካል። ያኔ መዝፈናችሁን አታቋርጡ። ኬብል አትንኩ፣ ወደ አምፑም አትዙሩ። መጀመሪያ ፔዳሎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ከግራ ወደ ቀኝ እዩ። መብራት ሊኖር በማይገባበት ቦታ የበራው፣ የተነካው እሱ ነው፣ አንዴ ርገጡትና ቀጥሉ።