በራሱ የሚሠራ የካርታ ምትሃት በአካልና በቪዲዮ ፊት

በራሱ የሚሠራ የካርታ ምትሃት የሚባለው የጣት ቅልጥፍና የማይጠይቅ፣ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ሒሳቡ ራሱ ወደ ውጤቱ የሚያደርስ ትርዒት ነው። ጀማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ልምምድ አያስፈልገውም ይላሉ፤ እኔ ግን ከጣት የተረፈው ድካም በሙሉ ወደ አቀራረቡ መዞር አለበት ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የ21 ካርታው ምትሃት ነው።

ከ52ቱ ካርታዎች 21 ቆጥረው ይበውዙ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ አንድ አንድ ከግራ ወደ ቀኝ እያደሉ፣ ሰባት ሰባት ካርታ ያላቸው ሦስት ዐምዶች ይሥሩ። ተመልካቹ አንዱን ካርታ በልቡ ይዞ ያለበትን ዐምድ ብቻ ይንገርዎት። የየዐምዱን ቅደም ተከተል ሳያፋልሱ ሰብስበው የተጠቀሰውን በሁለቱ መካከል ያስገቡ፤ ጥቅሉን ፊቱን ወደ ታች ገልብጠው ከላይ ጀምሮ እንደገና ያድሉ። ይህ ማደል፣ መጠየቅና መሰብሰብ በድምሩ ሦስት ጊዜ ሲፈጸም የታሰበው ካርታ ከላይም ከታችም ቢቆጠር 11ኛው ይሆናል። ምክንያቱም የመጀመሪያው መልስ 21ዱን አማራጮች ወደ 7፣ ሁለተኛው ከ3 ወደማይበልጡ፣ ሦስተኛው ወደ 1 ያወርዳቸዋል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦዜፍ ዠርጎን በ27 ካርታዎች የሚሠራውን የዚህን ምትሃት ዘመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መርምሮታል።

ትርዒቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ላይ ነው። እስከ 11 ጮክ ብሎ መቁጠር ምስጢሩን በገዛ አፍ መስጠት ስለሆነ፣ በልብዎ ብቻ እየቆጠሩ ካርታዎቹን ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ጠረጴዛው ላይ ይበትኑ፤ 11ኛው ያረፈበትንም ቦታ በዐይንዎ ይያዙ። ከዚያ ሳይቸኩሉ አንዱን ከአንዱ እያገለሉ እሱን ብቻ ያስቀሩ። ሳይገልጡትም በፊት ተመልካቹ የካርታውን ስም እንዲናገር ይጠይቁት፤ ስሙ ቀድሞ ካልተሰማ የሚደነቀው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው ታዳሚ የተገለጠው ካርታ ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በአካል ሲሆን ተመልካቹ ዐምዱን በጣቱ ያመለክታል። በቪዲዮ ግን «የግራው» ሲል የማን ግራ እንደሆነ ስለሚያሻማ፣ ከየዐምዱ ራስ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብለው የተጻፉ ወረቀቶች ማስቀመጥ ይገባል። የራስዎ ምስል በስክሪንዎ ላይ እንደ መስታወት ተገልብጦ ሊታይ ስለሚችል በእሱ አይመሩ። ካሜራው ከላይ ወደ ጠረጴዛው ይመልከት፤ መብራቱ ከጎን ይምጣ፣ አለበለዚያ የካርታው ገጽ ያብረቀርቅና ቁጥሩ አይነበብም። አስቀድመው በሌላ ስልክ ገብተው ተመልካቹ የሚያየውን ራስዎ ይመልከቱ። ድምፅ ስለሚዘገይ ከጥያቄ በኋላ ጥቂት ዝም ይበሉ።

ከሁሉ በላይ እጆችዎ ከምስሉ ክልል አይውጡ፤ በስክሪን የሚከታተል ሰው ያላየውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይጠረጥራል። ተመልካቹም በመጀመሪያው ዙር ካርታውን በልቡ እንደያዘ በወረቀት ጽፎ አጥፎ ያስቀምጥ፦ እንዳይረሳው ይረዳዋል፣ በመጨረሻም ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ ለሁሉም ያሳያል።