የዩኒክስ ሼል ሲመርጡና የትእዛዝ ማብራሪያ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒክስ ላይ የሚተይቡት መስመር መጀመሪያ የሚደርሰው ሼል ለተባለው ፕሮግራም ነው። ሼሉ መስመሩን አንብቦ እንደ ኮከብና ዶላር ያሉትን ምልክቶች ይፈታል፤ ከዚያም ወይ ትእዛዙን ራሱ ይፈጽማል፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ትእዛዙን የሚቀበለው የትኛው እንደሆነ ካለመለየት የሚመጡ ናቸው። የትእዛዞቹን ስም በአጠራራቸው ጽፈነዋል፤ ኪቦርድ ላይ የሚተየቡት በትናንሽ የላቲን ፊደላት ነው።

ተርሚናልንና ሼልን አንድ ማድረግ

ተርሚናል መስኮቱ ነው። የፊደል መጠን፣ ቀለም፣ ኮፒና ፔስት የእሱ ጉዳይ ናቸው። ታብ ተጭኖ የፋይል ስም ማስጨረስና ያለፉ ትእዛዞችን ማስታወስ የሼሉ ሥራ ነው። ማስጨረሱ አልሠራ ካለዎት ተርሚናል መቀየር ምንም አይፈይድም።

«ኤኮ $ሼል» ያለውን ማመን

ይህ ተለዋዋጭ (ስሙ በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል) የሚነግርዎት ሎግ ኢን ሲያደርጉ የተመደበልዎትን ሼል ነው። ባሽ በተባለው ሼል ውስጥ ሆነው ዚሼል የተባለውን ሌላ ሼል ቢያስነሱ እንኳ መልሱ «ባሽ» እንደሆነ ይቀራል። ባሽና ዚሼል ላይ፣ አሁን የሚያናግሩትን ሼል ለማወቅ «ፒኤስ -ፒ $$» ይተይቡ።

የሚተይቡበት ሼል ለስክሪፕትም ይሆናል ብሎ ማሰብ

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ስህተት ይህ ነው፤ ውሳኔዎቹ ሁለት ናቸው። ለእጅ ትየባ የሚታየው ምቾት ነው። ፊሽ የተባለው ሼል ገና ሲጫን ጀምሮ ካለፉት ትእዛዞችዎ እየወሰደ ጥቆማ ይሰጣል፣ ዚሼል እንደ ፍላጎትዎ ይስተካከላል፣ ባሽ ደግሞ አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ተጭኖ ይጠብቅዎታል። ጀማሪ በባሽ ቢጀምር እንመክራለን፤ የሚያገኛቸው ምሳሌዎች በብዛት በባሽ የተጻፉ ናቸውና።

ስክሪፕት (ትእዛዞች ተጽፈው የተቀመጡበት ፋይል) ግን ሌላ ማሽን ላይም ይሄዳል። የመጀመሪያው መስመር «#!/ቢን/ኤስኤች» ከሆነ ፖዚክስ ከተባለው የዩኒክስ ሲስተሞች የጋራ ደረጃ ላለመውጣት ቃል ገብተዋል ማለት ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው 6.10 እትም ጀምሮ በዚህ ስም የሚያስነሳው ዳሽ የተባለውን ሼል ነው። ዳሽ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ድርብ ቅንፉን «[[»፣ አሬይን (ብዙ እሴቶችን በአንድ ላይ የሚይዝ ተለዋዋጭ) እና ሌላ ፋይል የሚያስነብበውን «ሶርስ»ን አያውቅም። አንድ «ኢፍ» ውስጥ ድርብ ቅንፍ ቢያጋጥመው «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል፤ ግን ስክሪፕቱ አይቆምም። ሁኔታው እንዳልተሟላ ቆጥሮ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ያ ሁኔታ ፋይል ከመሰረዙ በፊት የተቀመጠ ማጣሪያ ቢሆን የሚደርሰውን ያስቡት። የባሽ ነገሮች የሚያስፈልጉዎት ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ባሽን በግልጽ ይጥሩ። ሲያስኬዱትም «ኤስኤች» ብለው የፋይሉን ስም አያስከትሉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያው መስመር እንደ ተራ ማስታወሻ ይታለፋል።

ማክ ላይ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ለአዲስ ተጠቃሚ የሚመደበው ዚሼል ነው። አብሮ የሚመጣው ባሽ 3.2 ላይ የቀረ ስለሆነ በባሽ 4.0 የገቡት በስም የሚጠሩ አሬዮች እዚያ አይሠሩም። ዚሼል ራሱ ከባሽ ጋር በሚመሳሰልበት ቦታ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የአሬይ ቆጠራው ከ0 ሳይሆን ከ1 ይጀምራል፤ ጥቅስ ውስጥ ያልገባ ተለዋዋጭን በክፍት ቦታዎቹ አይከፋፍልም፤ ኮከብ ያለበት ስም የሚገጥም ፋይል ካጣ ትእዛዙን ጨርሶ አያስኬድም። በ«ኤስሲፒ» ከሌላ ሰርቨር ፋይሎችን በኮከብ ለመቅዳት ሲሞክሩ «የሚገጥም የለም» የሚልዎት ለዚህ ነው፤ ስሙን በጥቅስ ውስጥ ያስገቡት። ሲሼል በተባለው ሌላ ሼል ደግሞ ስክሪፕት ባይጽፉ ይሻላል። የስህተት መልእክቱን ብቻ ለይቶ ወደ ፋይል የሚልክበት ቀጥተኛ መንገድ የለውም።

ሳይፈትሹ ሼል መቀየር

አዲሱን ሼል ለጥቂት ቀናት በስሙ እየጠሩ ይሞክሩት። ከወደዱት ሙሉ አድራሻው «/ኢቲሲ/ሼልስ» ፋይል ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ሼል መቀየሪያው ትእዛዝ «ሲኤችኤስኤች» አይቀበልዎትም። ካለ «ሲኤችኤስኤች -ኤስ» ብለው አድራሻውን ያስከትሉ። ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው ሎግ ኢን ነው፤ ስለዚህ የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት እንደ አዲስ ይግቡ። መግባት ካቃተዎት በአሮጌው መስኮት ይመልሱታል። የሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን የአስተዳዳሪ መለያ) ሼል ግን አይንኩ። በኋላ የተጫነው ሼል አንድ ቀን ቢወገድ ወይም ያለበት ዲስክ ባይያያዝ፣ የሚዘጋብዎት መጠገኛው በር ነው።

ሁሉንም «ማን» ውስጥ መፈለግ

«ማን» (የማንዋል አጭር ስም) የትእዛዞችን ማብራሪያ ገጽ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። «ሲዲ»፣ «ኤክስፖርት»፣ «ኤሊያስ» ግን ሼሉ ውስጥ የተሠሩ ስለሆኑ የራሳቸው ገጽ ብዙ ጊዜ የላቸውም። መጀመሪያ «ታይፕ ሲዲ» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የሼሉ አካል ነው ካለ፣ ባሽ ላይ «ሄልፕ ሲዲ»፣ ዚሼል ላይ «ማን ዚኤስኤችቢልትኢንስ» ነው መንገዱ። «ኤኮ»፣ «ፕሪንትኤፍ» እና «ኪል» ሼሉ ውስጥም ራሱን እንደቻለ ፕሮግራምም አሉ፤ የሚሠራልዎት የሼሉ ሲሆን ማንዋሉ የሚገልጸው ግን ሌላውን ነው። «ታይፕ -ኤ ኤኮ» ሁሉንም ያሳይዎታል።

የማንዋሉን ክፍል ቁጥር መርሳት

«ማን ፓስደብሊውዲ» የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ትእዛዝ ያመጣል። በዚሁ ስም የሚጠራውን ፋይል አሠራር ከፈለጉ «ማን 5 ፓስደብሊውዲ» ይበሉ። 1 የተጠቃሚ ትእዛዞች፣ 5 የፋይል ዓይነቶች፣ 8 የአስተዳዳሪ ትእዛዞች ናቸው፤ 2 እና 3 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ይጠቅማሉ።

ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ

የባሽ ማንዋል በጣም ረጅም ነው። ስላሽ ተይበው የሚፈልጉትን ቃል ያስገቡ፣ በ«ኤን» ወደ ቀጣዩ ይለፉ፣ በ«ኪው» ይውጡ። አንድ ኦፕሽን (በሰረዝ የሚጀምር የትእዛዝ አማራጭ) ለማግኘት «/^ *-አር» ብለው ቢፈልጉ በዚያ ኦፕሽን የሚጀምሩትን መስመሮች ብቻ ያገኛሉ። በትልቁ «ጂ» መጨረሻው ላይ ይደርሳሉ፤ ምሳሌዎችና ተዛማጅ ትእዛዞች ብዙውን ጊዜ ያሉት እዚያ አካባቢ ነው። ከላይ ባለው የአጻጻፍ ማሳያ ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀር ችግር የለውም፣ ሦስት ነጥብ መደጋገም ይቻላል ማለት ነው።

የትእዛዙን ስም ካላወቁት «ማን -ኬ» ብለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያስከትሉ። ሊኑክስ ላይ ለማንኛውም ቃል መልስ ካጡ ማውጫው አልተሠራ ይሆናል፤ «ሱዱ ማንዲቢ» ይሠራዋል። ኮንቴይነር (ፕሮግራም ተለይቶ የሚሠራበት አነስተኛ ሲስተም) ውስጥ ግን ማንዋሎቹ ራሳቸው ተቀንሰው ሊሆን ይችላል።

«-ኤች» ሁልጊዜ እርዳታ ነው ማለት

«ዲኤፍ -ኤች» መጠኑን ለሰው በሚመች አሃድ ያሳያል። «ሻትዳውን -ኤች» ማሽኑን ያጠፋል፤ ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳና ሲዘጋ አገልግሎቶቹን የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ባለበት ሊኑክስ ላይ ሰዓት ካልሰጡት ከ1 ደቂቃ በኋላ ነው፣ በ«ሻትዳውን -ሲ» ይሰረዛል። «--ሄልፕ» የተሻለ ነው፤ ሆኖም የቢኤስዲ (የዩኒክስ አንድ ቤተሰብ) መሣሪያዎች ብዙዎቹ አያውቁትም። የማያውቁትን ትእዛዝ በተለይ ሩት ሆነው ከመሞከር በፊት ማንዋሉን ይክፈቱ።

የሌላ ሲስተም ማብራሪያ መከተል

«ሴድ -አይ» ሊኑክስ ላይ ብቻውን ይበቃል፤ ማክና ፍሪቢኤስዲ ላይ የመጠባበቂያ ቅጥያ ይፈልጋል፣ ካልፈለጉ ባዶ ጥቅስ ይሰጡታል። «ኪልኦል» ሊኑክስ ላይ በስም የጠሩትን ፕሮግራም ብቻ ያቆማል። ሶላሪስ በተባለው ዩኒክስ ላይ ግን በዚሁ ስም ያለው ትእዛዝ ማሽኑ ሲዘጋ የሚጠራ ነው፤ ሩት ሆነው ቢያስኬዱት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በሙሉ ይገድላል። ይህን የሚነግርዎት እዚያው ሶላሪሱ ላይ ያለው ማንዋል ነው።