ከእንጨት ርብራብ ላይ ላለመውደቅ

ዛሬም በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ቆሞ የሚለስን፣ የሚቀባ ሰው አለ። ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት አጠናው ሚስማሩ የገባበት ቦታ ላይ አለመሰንጠቁን ይዩ። በክረምት መሬቱ ስለሚላላ ከቋሚዎቹ ሥር ጣውላ ያንጥፉ። በሚስማር ያልተመታ መርገጫ ጣውላ ጫፉን ሲረግጡት ይገለበጣል፤ በሁለቱም በኩል ይመታ።

የወገብ ቀበቶ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ሲወድቅ አከርካሪውን ይጎዳል። ትከሻና ጭን የሚይዘውን ሙሉ ቀበቶ ይልበሱ። የጭኑ ማሰሪያ መዳፍ ያሳልፍ፣ ጭብጥ አያሳልፍ። የቀበቶውን ገመድ ከራስዎ በላይ፣ ከኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ጋር እሰሩ እንጂ ከአጠናው ጋር በፍጹም፤ ርብራቡ ከተደረመሰ ይዞዎት ይወርዳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከሥር ያለው ክፍተት ነው። 1.8 ሜትር ገመድ፣ ሰው ሲወድቅ እየተተረተረ የሚረዝመውና ንጥቂያውን የሚያለዝበው የገመዱ ክፍል፣ የሰውየው ቁመትና ትንሽ መጠባበቂያ ሲደመሩ ገመዱ ከታሰረበት በታች ወደ 5.5 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። አንደኛ ፎቅ ላይ ከእግር ሥር የታሰረ ገመድ ሳይዝ መሬት ይደረሳል፤ እዚያ አጭር ገመድ ከራስዎ በላይ አስረው ይጠቀሙ።

የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ አለበት፤ የጭኑ ማሰሪያ ደም ያግዳል። ማን በየትኛው መሰላል እንደሚያወርደው ፎርማኑ ሥራ ሳይጀመር ይወስን። አንዴ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶ ተቆርጦ ይጣል።