በአንድ ስክሪን ለሁለት የሚያጫውት ጌም እንዴት ተመርጦ ይዘጋጃል

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው፣ በአንድ ወገን ሆነው መጫወታቸው በአንድ ወቅት ከጌም የሚጠበቅ ተራ ነገር ነበር። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጎልደንአይ 007 አራት ሰዎችን በአንድ ቴሌቪዥን ያፋልም ነበር፤ በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ሄይሎም ታሪኩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ለሁለት ያስኬዳል። ይኸው ሄይሎ ግን በ2015 አምስተኛው ክፍል ላይ ስፕሊት ስክሪንን (ስክሪኑን ለተጫዋቾቹ መክፈልን) አስቀረ፤ ለሄይሎ ኢንፊኒት ታሪክ ቃል ተገብቶለት የነበረውም በ2022 ተሰረዘ። ስለዚህ ዛሬ ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር መጫወት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማጣራት ይኖርበታል።

የመቅረቱ ምክንያት የጌም ሠሪዎች ንፍገት ብቻ አይደለም። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ማሽኑ አንዱን ዓለም ከሁለት አቅጣጫ ይስላል። በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ አንዱ ተጫዋች ጫካ ውስጥ፣ ሌላው ከተማ መሀል ሲሆን ሁለቱም ስፍራዎች በዚያች ጊዜ መሳል፣ በሜሞሪም አብረው መቀመጥ አለባቸው። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 ወደ ኤክስቦክስ ሲመጣ የዘገየው በዚሁ ነው፤ አነስተኛው የኤክስቦክስ ሞዴል ሲሪስ ኤስ ሸክሙን ስላልቻለ ያለ ስፕሊት ስክሪን ወጣለት፤ ያገኘውም በ2025 ማሻሻያ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የመሸጫ ገጹን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ጌም «ለሁለት የሚጫወቱት» ስለሚል ብቻ ገዝተን፣ ሁለት ጆይስቲክ ቻርጅ አድርገን ተቀመጥን፤ ሜኑው ላይ ግን ጓደኛን በኦንላይን ከመጋበዝ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ወንድሜ ጆይስቲኩን እንደያዘ እኔ ስጫወት ሲያይ አመሸ። «ኮኦፕ» (በአንድ ወገን ሆኖ አብሮ መጫወት) የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። የኮምፒውተር ጌም መደብር በሆነው ስቲም ላይ የኦንላይን ኮኦፕና የጋራ ወይም የተከፈለ ስክሪን ኮኦፕ ለየብቻ ተጽፈው ስለሚገኙ ሁለተኛውን ይፈልጉ፤ በፕሌይስቴሽን መደብር ደግሞ በአንድ ማሽን የሚጫወተው ሰው ቁጥርና የኦንላይኑ ቁጥር የተለያዩ መስመሮች ናቸው። የሚገዙት ለየትኛው ማሽን እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ማይንክራፍት በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ባለ የጌም ማሽን) ስክሪኑን እስከ አራት ሲከፍል የኮምፒውተሩ የጃቫ ቅጂ ግን ከነጭራሹ አይከፍልም። በተጨማሪም ስፕሊት ስክሪኑ ለዋናው ታሪክ ይሁን ለግጥሚያ ብቻ ይለዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ከመሠረቱ ለሁለት ሰው የተሠሩትን ነው፤ ኢት ቴክስ ቱ (2021) እና ስፕሊት ፊክሽን (2025) ብቻውን ለሆነ ሰው ጭራሽ አይጫወቱም። ረጋ ያለ ነገር ለሚወድ ስታርዲው ቫሊ አለ። ማሽንዎ ደካማ ከሆነ እንደ ኦቨርኩክድ ወይም ካፕሄድ ያሉት፣ ሁለቱን ተጫዋቾች በአንድ ያልተከፈለ ስክሪን የሚያሳዩት፣ ቀለል ይላሉ።

ቀጥሎ ጆይስቲኮቹን ያገናኙ። ኮንሶል ላይ ሁለተኛው ጆይስቲክ በራሱ ፕሮፋይል ወይም በእንግዳ ስም መግባት አለበት፤ ሁለቱም በአንድ ስም ከገቡ ጌሙ ሁለት ሰው መኖሩን አያይም። በፕሌይስቴሽን 4 የመጀመሪያው ጆይስቲክ መብራት ሰማያዊ፣ የሁለተኛው ቀይ ስለሚሆን መግባቱን በዚያ ያውቃሉ።

የወደዱት ጌም ስፕሊት ስክሪን ከሌለውና ኮምፒውተርዎ ዊንዶውስ ከሆነ ኑክሊየስ ኮኦፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ያንኑ ጌም ሁለት ጊዜ ከፍቶ መስኮቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ጉልበት ያለው ማሽን ይፈልጋል፤ የሚሠራውም በዝርዝሩ ላይ ለተካተቱ ጌሞች ነው። ማጭበርበርን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ባላቸው የኦንላይን ጌሞች ላይ ግን አይሞክሩት፤ አካውንትዎ ሊታገድ ይችላል። ጓደኛዎ ሩቅ ከሆነም በ2019 የተጀመረው የስቲም ሪሞት ፕሌይ ቱጌዘር የእርስዎን ስክሪን በኢንተርኔት ያደርስለታል፤ ጌሙን የሚገዛውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ሴቲንጉን ያስተካክሉ። ምርጫው ካለ፣ ተኩስ ላለበት ጌም ስክሪኑን ላይና ታች መክፈል ግራና ቀኝን በሰፊው ስለሚያሳይ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ምስሉ ከተንቀራፈፈ የጥላና የርቀት ጥራትን ይቀንሱ፤ ግማሽ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ስለሚያንስ የፊደሉን መጠን ከፍ ያድርጉ። በብዙ ጌሞች የታሪኩ ሂደት የሚቀመጠው በመጀመሪያው ተጫዋች ፕሮፋይል ብቻ ስለሆነ፣ በማን ስም እንደሚጀመር አስቀድመው ይስማሙ፤ በሚቀጥለው ቀንም በዚያው ስም ይግቡ።